ሃያ ጥያቄ ይዞ ወደ ዳባት

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን ያልፍና 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳባት ይደርሳል። ትንሽ ከፍ ሲል ደባርቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ቁልቁለት። በዚህ መንገድ ስለተመላለሱ ሰዎች ብዙ ተጽፏል። ዋልያና ጭላዳ ሊያይ ስለሚመጣው ፈረንጅ፣ በ1855 ደረስጌ ማርያም ስለነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1941 ወልቀፊት ላይ እጁን ስለሰጠው የጣሊያን ጦር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ብዙም ልብ ያልተባለ አንድ መንገደኛ ግን አለ። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፤ ቦርሳው ውስጥ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጠይቅ አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አማካሪው ዳታውን እንደሚፈልግበት ያውቃል። የማስተርስ ተማሪ ነው። ትምህርቱ ሥነ ልቦና ነው፤ ወይም የአእምሮ ጤና፣ ወይም ከሁለቱ የተዳቀለ ሌላ ስም ያለው ዘርፍ። ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ገበሬ ነው፣ የገበሬ ሚስት ናት፣ ቤቷ ተቃጥሎ የተፈናቀለች እናት ናት።

መጠይቁ ብዙ ጊዜ ሃያ ጥያቄ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ኤስ አር ኪው ሃያ» የሚሉት ነው። ራስዎን ያምዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? እንቅልፍ ያስቸግርዎታል? በቀላሉ ይደነግጣሉ? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። «አዎ»ዎቹ ተደምረው ከተወሰነ ቁጥር ካለፉ ሰውየው «የአእምሮ ጭንቀት አለበት» ይባላል። እንዲህ ቀላል ነው። ለዚህም ነው የተወደደው፤ ሐኪም በሌለበት አገር፣ ማንበብና መጻፍ የማይችልን ሰው፣ በሩብ ሰዓት መጠየቅ ይቻላል።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ተማሪ በዚያ መንገድ ላይ እንዴት ተገኘ? ከእሱ በፊትስ ማን ነበር እዚያ ወጥቶ የሰውን ነፍስ የጠየቀው?

* * *

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አዲስ አበባ ላይ «ሥነ ልቦና» ስንል በኤፍ ኤም የሚመጣው ምክር፣ «ራስህን ውደድ» የሚለው የትርጉም መጽሐፍ፣ አዳራሽ ተከራይቶ «አስተሳሰብህን ቀይር» የሚለው አሰልጣኝ ነው ቶሎ የሚታየን። እሱን ለጊዜው እንተወው። ተግባራዊ ሥነ ልቦና የሚባለው ትምህርት በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በመጠለያ፣ በፍርድ ቤት ለሚነሳ ችግር የሚሠራ ዕውቀት ነው። ዘርፉ አገራችን የገባው ደግሞ በሐኪም ቤት በር ሳይሆን በመምህራን ማሠልጠኛ በር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ በኋላ ሥነ ልቦና ለብዙ ዓመታት የመምህራን ትምህርት ጎረቤት ሆኖ ነው የኖረው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱም የተቋቋመው በ1978 ነው። ስለዚህ የድሮው የሥነ ልቦና ምሩቅ ልጅ እንዴት እንደሚማር ያውቃል፤ ያበደ ሰው ወይም ሐዘን የሰበረው ሰው ግን የሌላ ክፍል ጉዳይ ነበር።

የሌላው ክፍል ስም አማኑኤል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው ይህ ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የዳባት ሰው ልጁ ሲታመምበት መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ ደብተራ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አማኑኤል ነበር ምርጫው። አብዛኛው ሰው ሦስተኛው ላይ አይደርስም። በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመርና ነርሶቹ በየክፍለ ሀገሩ ሲበተኑ ነገሩ ትንሽ ተሻሻለ። የአእምሮ ሐኪም ግን እስከ 2003 ድረስ እዚህ አገር አይሠለጥንም ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን ሲጀምር በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሃያ አይሞሉም ነበር። አንድ ሚኒባስ ተጠጋግተው ይበቃቸው ነበር ማለት ነው።

የማስተርሱ ሐሳብ የመጣው ከዚህ እጥረት ነው። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ካልተቻለ፣ ለነርሱ፣ ለጤና መኮንኑና ለሥነ ልቦና ምሩቁ ሁለት ዓመት ጨምሮ አስተምሮ ወደ ወረዳ መላክ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲና አማኑኤል ሆስፒታል ከ2010 ገደማ ጀምሮ የሰጡት የተቀናጀ ክሊኒካዊና ማኅበረሰባዊ የአእምሮ ጤና ማስተርስ የዚህ ልጅ ነው። በኋላም የክሊኒካል ሥነ ልቦናውና ሌሎቹ ተከተሉ። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ነው የመረጠው፦ አገልግሎቱ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

* * *

ጎንደር ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከገደለ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም ሳይሆን የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጽዳት ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሦስቱ አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ይኖራሉ። የዛሬው የማስተርስ ተማሪ «ኮሚዩኒቲ» የሚለውን ቃል እንደ አዲስ ግኝት ሲያነሳው የሚገርመን ለዚህ ነው። አያቱ በበቅሎ ሲሠራው ኖሯል።

ዳባትም የተመረጠችው በዚሁ ወግ ነው። የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በ1996 የዳባት የምርምር ማዕከልን አቋቋመ። ሥራው ለመስማት የሚያሰለች፣ ሲያስቡት ግን የሚያስደንቅ ነው። ከወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ የሚኖር እያንዳንዱ ሰው ይመዘገባል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቆ ሄደ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። ሰው ሲሞት፣ የሐዘኑ ወቅት አለፍ ካለ በኋላ፣ መጥተው ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፦ ሟቹ ምን ነበር ያመመው? ስንት ቀን ተኛ? ያስመልሰው ነበር? ከመልሱ ተነስተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። አስከሬን በማይመረመርበት አገር የሞት ምክንያት የሚታወቀው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ዳባት ማለት ሲጠየቅ ያደገ ትውልድ ያለበት ወረዳ ነው። ማዕከሉ ሲቋቋም የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ነው። ክሊፕቦርድ የያዘ ሰው ሲያይ አይደነግጥም፤ ወንበር ያወጣለታል። ጥሩ ነው። ግን ደግሞ ሲጠየቅ የኖረ ሰው ጠያቂው ምን ዓይነት መልስ እንደሚፈልግ ያውቃል። ተማሪው የመጣው የነፍስን ጉዳይ ሊጠይቅ መሆኑ ሲታወቅ፣ ይህ ዕውቀት ትንሽ ነገር አይደለም።

* * *

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፤ ኮሌጁም መጠይቁም ወዳልነበሩበት ጊዜ።

በ1932 የፈረንሳዩ የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ቡድን ጎንደር ገባና ለወራት ተቀመጠ። የቡድኑ መሪ ማርሴል ግሪዮል ነበር። (ቡድኑ ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ትቶ ሄዷል፤ ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ይህን ሳንናገር ማለፍ አልሆነልንም።) ከቡድኑ አንዱ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ሌሪስ ጎንደር ላይ መልካም አየሁ ከተባሉ ባለዛርና ከልጃቸው ከእማዋይሽ ቤት ዋለ፣ አደረ። ቡናው ሲፈላ፣ ሐድራው ሲሞቅ፣ ዛሩ ሲወርድ፣ ዶሮው ሲታረድ ተቀምጦ ጻፈ። አማርኛውን የሚፈታለት አባ ጀሮም ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1958፣ ስለ ጎንደር ዛር ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከቲያትር ጋር አነጻጸረው። ባለዛሯ ታስመስላለች ማለቱ አልነበረም። ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ሲቆም፣ በራሱ አንደበት ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር መናገር ይችላል ማለቱ ነበር።

በዚያው 1958 አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን መሲንግ ጎንደር አካባቢ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ የዛርን ማኅበር «የቡድን ሕክምና» ይለዋል። የመሲንግ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ዛር የያዛት ሴት አትድንም፤ አባል ትሆናለች። ባሏ የማይሰማት፣ ጎረቤት የማይቆጥራት ሴት በዛሩ ቤት ስም ታገኛለች፣ ወዳጅ ታገኛለች፣ ዛሩ በጠየቀው መሠረት አዲስ ቀሚስ ታገኛለች። ባሏ ለሚስቱ የማይገዛውን ለዛሩ ይገዛል። የዛሬው የሥነ ልቦና መምህር ይህን ሲሰማ «ድጋፍ ሰጪ ቡድን» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። ዛር ቤቶቹ ግን ሰው ይበዘብዙም ነበር፤ ያላትን ሸጣ ዛር ያበላች ሴት ታሪክ በየቤቱ አለ። ስለዚህ «አያቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» ከሚለው ዘፈን ጋር አንሄድም። መሲንግ ራሱ በ1960ዎቹ ተመልሶ የገጠር ጤና ጣቢያዎችን ሥራ የገመገመ ሰው ነው፤ አንዱን ለሌላው አልሸጠም።

ሦስተኛው ሰው ነው የዚህ ጽሑፍ እምብርት። አለን ያንግ ይባላል። የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በበጌምድር አማሮች የሕክምና እምነትና ልማድ ላይ ሲሆን ጽሑፉን ያጠናቀቀው በ1970 ነው። በ1975 ደግሞ አማራ ለምን በ«ቁራኛ» ይያዛል ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። ቁራኛ! ቃሉን እናውቀዋለን፤ «ሞት ቁራኛዬ» የሚል ሰው አሁንም አለ። በድሮው ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። መንፈስ የያዘው ሰው ያለበትን ሁኔታ ሕዝቡ በዚህ ስም መጥራቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በሽታው ከሆድ የገባ ትል አይደለም፣ ያልታየ ክስ ነው። ከሚያመው ነገር ጋር ታስሯል፤ የሚፈታውም ነገሩ በሰው ፊት ሲታይ ነው።

ያንግ በ1976 የሕክምና እምነቶችን በሁለት ከፈላቸው። አንዳንድ ሕዝብ በሽታን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይፈልገዋል፦ ደሙ፣ ሳንባው፣ ነርቩ። ሌላው ውጭ ይፈልገዋል፦ ማን ተጣላህ? የማን ድንበር ገፋህ? በየትኛው ወንዝ በቀትር አለፍክ? የአማራው ሕክምና የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌው ነበር። ተማሪያችን ወንበር ላይ ተቀምጦ «እንቅልፍ ያስቸግርዎታል?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ውስጥ ነው። የሚመለስለት ግን ብዙ ጊዜ ስለ ውጭ ነው፦ «ልጄ፣ በሬዬን ከወሰዱት ወዲህ ምን እንቅልፍ አለ?» ቅጹ ላይ የሚቀረው «አዎ» ብቻ ነው። በሬው የሚጻፍበት መስመር የለውም።

* * *

ያንግ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በሚታከሙበት ተቋም ገብቶ፣ ሐኪሞቹና ታማሚዎቹ የሚያደርጉትን ሁሉ ልክ የበጌምድርን ባለዛር እንደተመለከተ ተመለከተ። በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ በዘርፉ ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ርእሰ ጉዳዩ «ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም» ነው፤ ዛሬ በአጭሩ «ፒ ቲ ኤስ ዲ» እያልን የምንጠራው። ሕመሙ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ በዚህ ስም የገባው በ1980 ነው። ያንግ የተከራከረው ይህ ሕመም ከጥንት ጀምሮ በሁሉም ሰው ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱን የሚጠብቅ ነገር አይደለም ብሎ ነው፤ በአንድ ዘመን ምርመራ፣ ቴክኒክና ትረካ ተሰፍቶ አንድ ልብስ የሆነ ነገር ነው። ስቃዩ ውሸት ነው አላለም። ሰዎቹ በእርግጥ ይሰቃያሉ። የስቃዩን ቅርጽ ግን ዘመን ይሰጠዋል አለ።

እስቲ ይህን ከዳባት ሆነን እንየው። በበጌምድር ሰው ስቃዩን «ቁራኛ» ሲል የሰማ ምሁር፣ አገሩ ተመልሶ ወታደሩ ስቃዩን «ፒ ቲ ኤስ ዲ» ሲል በዚያው ጆሮ ሰማው። የሰማውን ጻፈ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ የጎንደር ተማሪዎች ያንኑ የፒ ቲ ኤስ ዲ መጠይቅ በአማርኛ አስተርጉመው፣ ያንግ ጆሮውን ወዳሠለጠነበት አገር ይዘውት ወጡ።

* * *

የወጡበት ምክንያት አለ። በ2021 ክረምት ጦርነቱ ከተከዜ ተሻግሮ በማይ ፀብሪ፣ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አድርጎ ወደ ደባርቅና ዳባት ተጠጋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት በተባለው መንደር ውጊያ ተካሄደ፤ ሰላማዊ ሰዎችም ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በታኅሣሥ 2021 ባወጣው ዘገባ፣ የትግራይ ኃይሎች ጭና ላይ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሉት ቀናት በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች 26 ሰላማዊ ሰዎችን እንደረሸኑ መዝግቧል። የአካባቢው ባለሥልጣናት የተናገሩት የሟቾች ቁጥር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ከቆላው የተፈናቀሉት ሰዎች ደባርቅና ዳባት ላይ በየትምህርት ቤቱና በየመጠለያው ሰፈሩ። በ2022 ደግሞ በትግራይ ካምፖች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ በተባለው ሥፍራ መስፈር ጀመሩ። በደባርቅ ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ2016፣ ከፓርኩ ውስጥ የተነሡት የግጭ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ትንሽ አገር፣ ሦስት ዓይነት መነቀል።

ለሥነ ልቦና ተማሪ ከዚህ የበለጠ የመስክ ሥራ የለም። ይህን ስንል ማላገጣችን አይደለም፤ በርካታ ተማሪዎችና መምህራን ሥራቸውን ትተው ለተፈናቃዩ ምክር ሊሰጡ እንደወጡ እናውቃለን። ግን ቅጹንም ይዘው ነው የወጡት፤ ቅጹ ደግሞ አማርኛ ሲናገር ይሰናከላል።

አንድ ምሳሌ። የፒ ቲ ኤስ ዲ መጠይቁ ስለ ደረሰብዎ መጥፎ ነገር «ተደጋጋሚ፣ የሚረብሽ፣ ያልተፈለገ ትዝታ» አለብዎት ወይ ይላል። ትዝታ! ለጎንደር ሰው ትዝታ በመሰንቆ የሚመጣ ነገር ነው፤ ይናፈቃል፣ ይጋበዛል፣ ያስለቅሳል፣ ግን አይጠላም። የወንድሟን ሬሳ ያየች ሴት «ትዝታ አለብሽ?» ስትባል ምን ትበል? ጎበዝ ተርጓሚ «ዐይንዎ ላይ ይመጣብዎታል?» ብሎ ያስተካክለዋል። ቅጹ ግን አንዴ በኮሚቴ ከጸደቀ በኋላ ከሆነ መንካት የለም።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ «ጉዳዩን የሚያስታውስዎትን ቦታ ይሸሻሉ?» ገበሬ ነው። ቦታው እርሻው ነው። ሰኔ ሲመጣ ያርሰዋል፤ ካላረሰ ይራባል። «አይደለም፣ አልሸሽም» ይላል። በቅጹ ሚዛን ዜሮ ያገኛል፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሁልጊዜ በንቃት ይጠባበቃሉ?» የሚለው ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ሌሊት ጆሮውን አቁሞ የሚያድር ሰው ታሟል ወይስ ልባም ነው?

ስለ «ተመስገን» ደግሞ መጽሐፍ ይጻፍበታል። «ደስታ ይርቅብዎታል?» ሲባል አዛውንቷ መጀመሪያ «ኧረ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ለእንግዳ ማማረር ነውር ነው፣ ፈጣሪንም ማስቀየም ነው። ቀልጣፋው ተማሪ «አይደለም» ላይ ያከብባል። አስተዋዩ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ዝም ይላል። ታሪኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሩብ ሰዓቱም እዚያ ላይ ያልቃል። መጠይቁ «እርስዎ» ይላል፣ ሴትዮዋ «አንቱ» ለምደዋል፤ ይህ እንኳ ትንሹ ነው።

ከሁሉ የሚገርመን ግን አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ነው፤ ከሃያዎቹ ውስጥ። ሆድዎን ምቾት ይነሳዎታል ወይ ይላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ቀላል የሆድ ሕመም ነበር። በአማርኛ ግን ሆድ የሐዘን ቤት ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ ያልተነገረ ነገር በሆድ ይያዛል፣ ጨርሶ የማይነገረውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው እንላለን። ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት ቀበሌ ደግሞ ሆድ ጃርዲያም ይይዘዋል። «አዎ» ያለው ሰው የቱን ነው ያለው? ነጥቡ ግን አንድ ነው።

* * *

ይህ ችግር የማይፈታ አይደለም። የፈታውም ሰው አለ፤ ያውም መነሻው ከዚሁ ተራራ ነው።

ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከወልቃይትና ከጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎቹ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገዱና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ በኋላም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ በአውሮፓ ትምህርት የተቃኘ ነበር። አንገቱን የደፋ ልጅ «ተዘግቷል» ይባላል፤ ልጁ ግን ታላቁን እያከበረ ነው። «ሆዴ ሞላ» ያለች ሴት ለጨጓራ ሐኪም ትላካለች። ሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤን ኤዘር ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለዓመታት ሠርቶ፣ የሱዳኑን ጉዞ ታሪክ ከወጣቶቹ አንደበት ሰብስቦ በ2002 መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ውስጥ ጉዞው የቁስል ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ተጓዦቹ ራሳቸው የጽናትና የማንነት ታሪክ አድርገው ነው የሚተርኩት። ቅጹ ይህንን አይጠይቅም ነበር።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ያንኑ የሃያ ጥያቄ መጠይቅ ወስደው ለኢትዮጵያውያን አስተካከሉት። ሥራው በእስራኤልና በኢትዮጵያ ተካሄደ፤ ከተሳተፉት መካከል ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ፣ በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ የሠራው ሆላንዳዊው ሮበርት ጊልም ነበሩበት። የተደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰዎቹ ራሳቸው ስቃይን በምን ቃል እንደሚናገሩት ተጠየቀ፤ ከዚያ ጥያቄዎች ተጨመሩ። ውጤቱ በ2008 በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬም ከጎንደር ወደ ዳባት ከሚወጡት ቅጾች ብዙዎቹ ያልተስተካከለውን ሃያ ነው የያዙት። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም፤ ያልተስተካከለው ከሌላ አገር ውጤት ጋር ይወዳደራል፣ ለውጭ መጽሔት ይመቻል፣ አማካሪውም የሚያውቀው እሱን ነው።

እኛ ቅጹ ይቀደድ ባዮች አይደለንም። ያለ ቁጥር ጤና ሚኒስቴር አልጋ አይጨምርም፣ መድኃኒት አይገዛም። ዳባት ውስጥ ስንት ሰው እንደተጨነቀ የማይታወቅበት ዘመን ይመለስ የሚል ሰው ካለ፣ ያ ዘመን ያበደው በእግር ብረት የታሰረበት ዘመን እንደነበር ይወቅ። ጠበሉ ያዳነውም አለ፤ ጠበል ቦታ ታስሮ የከረመውም አለ። የምንለው ሁለት ዓመት ከሚፈጀው ማስተርስ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ለመሲንግ፣ ለያንግ፣ ለመልካም አየሁ ቤት ይሰጥ ነው። ተማሪው የአሜሪካኑን የሕመም መዝገብ ገጽ በገጽ ሸምድዶ፣ ጎንደር ላይ ስለ ጎንደር የተጻፈውን ሳያውቅ ይመረቃል። ስታቲስቲክሱ አስፈላጊ ነው፣ እሺ። ግን ለሶፍትዌር የሚሰጠው ጊዜ ግማሹ ለሙሾ፣ ለአርባና ለተዝካር ቢሰጥ፣ ቀብሩ በወጉ ያልተፈጸመለት ሰው ቤተሰብ ለምን እንደማያርፍ ለመረዳት የውጭ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ይቀረናል። ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ አይገፋም፤ ጥናቱ ይህንን ደጋግሞ አሳይቷል፣ ተማሪውም ተምሮታል። ሥነ ምግባሩም ግልጽ ነው፦ «አዎ» ያለ ሰው እንደ ሌላው ተራ ቁጥር ተጽፎ አይታለፍም፣ እርዳታ ወዳለበት መላክ አለበት። ቅጹ ግርጌ ላይ የስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ጎንደር ነው የሚያነሳው። ሴትዮዋ ያለችው ከዳባት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያ በመኪና 75 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን። አንዳንዱ ተማሪ ወረቀቱን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። አንዳንዱ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይፈልጋል፣ የንስሐ አባቷን ያስጠራል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። ቴሲሱ ላይ ግን ሁለቱም የሚጽፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተሳታፊዋ ወደ ሚመለከተው አካል ተልካለች።»